ወፍራሙ ክርና ቅኝቱ
ስለ ቤዝ ጊታር የመጀመሪያ ትምህርት

ራያ ቆላ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ከሩቅ ላለ ሰው ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው ዜማው አይደለም፤ ግጥሙም አይደለም። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በዋጃ ዳርቻ፣ ከማሽላው እርሻ ባሻገር የቆመ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚሰማው የከበሮውን ሰፊ አፍ ነው። ወደ ዳሱ ሲቀርብ ጭብጨባው ይታከላል፤ ቀጥሎ የተቀባዮቹ ድምፅ ይለያል፤ የአውጪው ቃል በግልጽ የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ርቆ ይጓዛል፣ ግድግዳና ቅጠልም እንደ ቀጭኑ አያግደውም። ዳሩ ግን የተፈጥሮ ሕግ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በራያ ጨዋታ እግር የሚታዘዘው ለዚህ ለታችኛው ድምፅ ነው። አማርኛው፣ ትግርኛውና ኦሮምኛው ተጎራብተው በሚኖሩበት በዚያ ሜዳ የዘፈኑ ቋንቋ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ከበሮው ግን አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ሁሉንም ያስነሣል።

ስለ ቤዝ ጊታር ለመናገር ከከበሮ መነሣት እንግዳ ሊመስል ይችል ይሆናል። መሣሪያው በፋብሪካ የተሠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚናገር፣ ዕድሜውም አጭር ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ስሙ የገነነውን የመጀመሪያውን ሞዴል ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ሆኖም የዛሬ ጀማሪ ይህን መሣሪያ አንሥቶ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ሲፈልግ የሚገጥመው ጥያቄ ከፋብሪካው ይልቅ ለከበሮው የቀረበ ነው። የትኛው ድምፅ ከታች ይቀመጥ? የት ይመታ? የትስ ዝም ይባል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በትክክል የመለሰ ጀማሪ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይመጣለታል። ችግሩ ከእጁ የሚገባው የመማሪያ መጽሐፍ ወይም የትምህርት ፊልም እነዚህን ጥያቄዎች ከመጠየቁ በፊት መልሱን ይዞ መምጣቱ ነው፤ መልሱም የሌላ አገር ሙዚቃ መልስ ነው።

የተለመደው የጀማሪ ትምህርት አካሄዱ ይታወቃል። በቅድሚያ አራቱ ባዶ ክሮች ይጠናሉ፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም ከተራው ጊታር ወፍራም ክር በአንድ ሙሉ ኦክታቭ የወረደ ድምፅ ነው። ከዚያ ሰባቱ ድምፆች፣ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ከዚያ ደግሞ ጀማሪው ዕድሜ ልኩን የማይላቀቀው ልማድ ይመጣል፤ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን፣ ዶንና ሶልን፣ እያፈራረቁ መምታት። በኮርድ ላይ ለተመሠረተ ሙዚቃ ይህ ትክክለኛ መሠረት ነው። በኮርድ ያልተገነባ ሙዚቃ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? መጽሐፉ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ቤዝ ጊታርን ከክራር ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋል። ክራር የሚማር ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱ መምታት አይደለም፤ መቃኘት ነው። መምህሩ አምስቱን ወይም ስድስቱን ክሮች በትዝታ ወይም በባቲ ቃኝቶ ያሳየዋል፤ ልጁ ያንኑ በጆሮው አጥንቶ ራሱ ለመቃኘት ይታገላል። ከተቃኘ በኋላ ከቅኝቱ የወጣ ድምፅ በመሣሪያው ላይ የለም። ጣት ቢሳሳት እንኳ የሚያርፈው ከቅኝቱ ድምፆች በአንዱ ላይ ነው፤ ስሕተቱ የአካሄድ እንጂ የቅኝት ስሕተት አይሆንም። ቅኝቱ በእንጨቱና በክሩ ውስጥ ተቀምጧልና።

በቤዝ ጊታር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የክሮቹ አቃኛኘት ምንጊዜም አንድ ነው፤ ትዝታም ይሁን አንቺ ሆዬ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል እንደሆኑ ይቆያሉ። 20 ፍሬት ባለው አንገት ላይ ባዶዎቹ ክሮች ሳይቀሩ 84 የድምፅ ማረፊያዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ቅኝቱ የሚፈቅደው አምስት ድምፆችንና በየኦክታቩ የሚደጋገሙ መሰሎቻቸውን ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ክፍት የሆኑ፣ ግን የማይገባባቸው በሮች ናቸው። መሣሪያው አይከለክልም። ቅኝቱን የሚጠብቀው የተጫዋቹ ጆሮና ጣት ነው። ስለዚህ የክራር ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘውን ጥበቃ የቤዝ ተማሪ ራሱ በራሱ ላይ ማቆም አለበት። ለአገራችን ጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ከሌላ አገር ጀማሪ ይልቅ ክብደት ያላቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ወደ ጣት እናውርደው። ጀማሪው ግራ እጁን በሁለተኛውና በአምስተኛው ፍሬት መካከል ያሳርፍ፤ ጠቋሚ ጣት ለሁለተኛው፣ መካከለኛዋ ለሦስተኛው፣ የቀለበት ጣት ለአራተኛው፣ ትንሿ ለአምስተኛው። በላ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ዶ ነው። ከዚህ ተነሥቶ እጁን ሳያንቀሳቅስ ትዝታን በሙሉ ያገኘዋል፤ በላ ክር ላይ ዶና ሬ፣ በሬ ክር ላይ ሚና ሶል፣ በሶል ክር ላይ ላና የላይኛው ዶ። መልካም ዕድል ሆኖ ትዝታ ለጀማሪ እጅ እንደ ተሰፋ ልብስ ይገጥማል። መነሻውና አምስተኛው ድምፅ ስላሉበትም ዶንና ሶልን የማፈራረቁ ልማድ ትዝታን አያፈርሰውም። ባቲም በአንደኛው መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ በመሆኑ ይህን ልማድ ይችለዋል። ጀማሪው እስከዚህ ድረስ ያለችግር ይሄዳል፤ መምህሩም ያመሰግነዋል።

አምባሰል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ይነሣል። የአምባሰል ድምፆች ዶ፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ ላ ናቸው። ሚ የለም፤ ወርዶም ሆነ ወጥቶ የለም። ኮርድ ደስተኛ ወይም አሳዛኝ የሚባለው በዚህ በሦስተኛው ድምፅ ነው። አምባሰል ግን ይህን ድምፅ አይጠቀምበትም፤ ኀዘኑን የሚያመጣው ከዶ ጎን ተለጥፎ ከሚቀመጠው ከዝቅተኛው ሬ ነው። ከኮርድ ትምህርት የመጣ ጀማሪ ዶ፣ ሚ፣ ሶል እያለ ሲወጣ ዘፋኙ ያልጠራውን እንግዳ በመካከል ያስቀምጣል። አዳማጩ የሆነው ምን እንደሆነ በስም ላያውቀው ይችላል፤ ዘፈኑ ግን ከወሎ ተራራ ወርዶ ሆቴል ውስጥ እንደገባ ይሰማዋል።

አንቺ ሆዬ ሲመጣ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ግልጽ ግጭት ይለወጣል። ድምፆቹ ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ የወረደ ሶል፣ ላ ናቸው። በዚህ ቅኝት ውስጥ ከመነሻው የሚቆጠር ሙሉ አምስተኛ ድምፅ ጨርሶ የለም። ትክክለኛው ሶል ከቅኝቱ ውጭ ነው። እንግዲህ ለወራት ዶንና ሶልን ሲያፈራርቅ የኖረ እጅ ምን ያደርጋል? ትንሿ ጣት በአምስተኛው ፍሬት ላይ ለማረፍ ለምዳለች፤ ሳትጠራ ትሄዳለች። አንቺ ሆዬ የሚፈልገው ከእርሷ አጠገብ ያለችውን የቀለበት ጣት፣ አራተኛውን ፍሬት ነው። ልዩነቱ የአንድ ፍሬት፣ የአንድ ጣት ስፋት ነው። በዚያች አንዲት ጣት ስፋት ግን ከላይ የሚዘፈነው ዜማና ከታች የሚመታው ድምፅ ይጋጫሉ። ከሁሉ የከፋው ይህ ግጭት በተደጋገመ ቁጥር የሚሸነፈው ቤዙ አለመሆኑ ነው። ዘፋኙ ከታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እየሰማ የራሱን ሶል ሳያውቀው ያቃናዋል፤ አንቺ ሆዬም ቀስ በቀስ አንቺ ሆዬነቱን ይለቃል። ወፍራም ድምፅ ሥልጣን አለው። ከታች የተቀመጠው የላይኛውን ይስባል እንጂ የላይኛው የታችኛውን አይስብም።

እርግጥ ነው፣ ፍሬት ራሱ ለቅኝቶቻችን ሙሉ በሙሉ የታመነ አገልጋይ አይደለም። አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ቆርጦ ያስቀመጠ ብረት ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በአንድዋ ጭራ ላይ የምታርፈው ድምፁ በሚጠራት ስፍራ ነው፤ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ትላለች። በዚህ ጉዳይ ቤዝ ጊታር ከማሲንቆ ጋር ለመፎካከር ቢነሣ ትርፉ ሐፍረት ብቻ ነው። መፎካከርም የለበትም። የቤዝ ሥራ ዜማውን ተከትሎ መናገር ስላልሆነ እነዚያን ጥቃቅን ልዩነቶች ለማሲንቆና ለጉሮሮ ትቶ፣ ከቅኝቱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የማያከራክሩ ድምፆችን መርጦ መቆም ይችላል።

ወፍራሙ ድምፅ ወደ ዘመናዊው ሙዚቃችን የገባበት መንገድ ረጅም ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። «አርባ ልጆች» በሚል ስም የሚታወቁት የአርመን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1924 በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ባንድ ባቆሙ ጊዜ፣ የታችኛው ድርሻ የትልልቆቹ የነሐስ መሣሪያዎች ነበር። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች መጡ። ኤሌክትሪኩ ቤዝ የተስፋፋው ትንንሾቹ ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች መደራጀት ሲጀምሩ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ መሣሪያው ከዋና ከተማው ውጭ ላሉ ወጣቶች ዓይንና እጅ ቀረበ።

በእነዚህ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሥራዎች ዛሬ ለጀማሪ ከማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ በአይቤክስ ባንድ ታጅቦ ያሳተመው «ኧረ መላ መላ» አንዱ ነው። በአይቤክስ የቤዙ ድርሻ የጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ ሰላም ሥዩም በሊድ ጊታር አብሮት ነበር። ሁለቱ ኋላ በሮሃ ባንድ አብረው ዘልቀው ለቁጥር የሚያታክቱ ካሴቶችን አጅበዋል። በዚያ ሥራ ውስጥ የቤዙን አካሄድ ለብቻው ነጥሎ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር ይገረመዋል፤ የድምፆቹ ቁጥር ጥቂት ነው። አጭር ሐረግ ተይዛ ትደጋገማለች። ማሕሙድ ከላይ ድምፁን እያርገበገበ እንደ ወፍ ሲሄድ ቤዙ ከመሬቱ አይነሣም። የኮርድ መለዋወጥ ዜማውን እየጎተተ ወደማይፈልገው ስፍራ አይወስደውም፤ ዘፈኑ ባለበት ቆሞ ይጠልቃል እንጂ አይጓዝም። አዝማሪ በማሲንቆው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ አንዲት ሐረግ እየመላለሰ ግጥሙን ያስተኛባታል።

የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ም፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» በተሰኘው አልበም ውስጥ እንደሚሰማው፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በዋልያስ የቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ ነበር። ድምፃዊ በሌለበት ሥራ ላይ መሣሪያዎቹ ሁሉ እየተቀባበሉ ሲናገሩ፣ ቤዙ አንዱን ነገር ብቻ በጽናት ይደግማል። ጀማሪ ይህን ሐረግ በአንድ ቀን ሊያጠናው ይችላል። ለደቂቃዎች ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፣ ሳያጌጥበትም ይዞ መቆየት ግን ወራት ይወስዳል፤ ብዙ ችሎታ ያላቸውም ይህን ትዕግሥት አያገኙትም። በሞታውን ኩባንያ ዲትሮይት ላይ ይሠራ የነበረውና የዓለም ቤዝ ተጫዋቾች ሁሉ መምህራቸው አድርገው የሚቆጥሩት ጄምስ ጄመርሰን የቀኝ እጁን አንድ ጣት ብቻ ይጠቀም እንደነበር መጥቀስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የዚያ ዘመን ሥራ በሙሉ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ካሴት በብዛት መሸጥ ከጀመረ በኋላ ቅንብሩ እየተቻኮለ፣ ለትዝታም ለባቲም ለሌላውም አንድ ዓይነት የቤዝ አካሄድ የተለጠፈባቸው ዘፈኖች ቀላል አይደሉም። ቢሆንም ሰው ነበር የሚመታው፤ ሰው ደግሞ ቢቸኩልም ይሰማል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ኪቦርድ እየገነነ ሲሄድ የቤዙ ድርሻ ከሰው ጣት ወጥቶ ወደ አዝራር ገባ። ከአንድ ሰው በቀር ለሌላ መክፈል ለማይችል ደጋሽ፣ ከአንድ ሰው በቀር ለማይበቃ መድረክ ይህ ምቹ ነበር፤ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። ከማሽኑ ጋር አብሮ የተገዛው ምት ኮርድን ያውቃል፤ አምስተኛውን ድምፅ ያውቃል፤ አንቺ ሆዬን ግን አያውቅም። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የሚዞረው ባለኪቦርድ የዘፈኑን ቃልና ዜማ እንደ አካባቢው ይለውጣል፤ ከሥር ያለው አይለወጥም። የራያ እግር ለሌላ መሬት እየተረገጠ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ጀማሪው እንመለስ። ለእርሱ ከምቱ ይልቅ የሚያዳግት ሌላ ነገር አለ፤ ምት የሌለው ዘፈን። የአምባሰል ዘፈን በረጅሙ ሲለቀቅ በሚዛን አይታሰርም። በደሴው ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ያለፈችውን የማሪቱ ለገሠን አዘፋፈን የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቃሉ ይዘረጋል፣ ይንጠለጠላል፣ ማሲንቆው ተከትሎ ያነሣዋል። በዚህ መካከል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ የሚቆጥር ቤዝ ቢገባ እንደ መዶሻ ነው። እዚህ ስፍራ መማር የሚገባው ከበገና ነው። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ ክሮቹ ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ስፍራ በሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች ምክንያት ድምፁ እየነዘረ ይወጣል። በአገራችን የክር መሣሪያዎች መካከል ለቤዝ ጊታር በድምፅ የሚቀርበው እርሱ ነው። በገና ደርዳሪ ቃሉን አያሳድድም፤ ክሩን መትቶ ነዘሩ እስኪያልቅ ይታገሣል፤ ቃሉ በነዘሩ ላይ ይሄዳል። ዓለሙ አጋን ያዳመጠ የቤዝ ተማሪ አንድ ድምፅ ለምን ያህል ጊዜ ብቻውን መቆም እንደሚችል ይረዳል። የበገናው ዓለም የጸሎት ዓለም ነው፤ የምሽት ክበብ መሣሪያ ሄዶ ዜማውን ይዋስ ማለት ተገቢ አይሆንም። ትዕግሥቱን ግን ቢዋስ የሚከፋ የለም።

ከላይ የተነሣው የከበሮው ጉዳይም እዚህ ላይ ይገባል። ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። ሰፊው ይጠራል፣ ጠባቡ ይመልሳል። ጉማዬ ሲጨፈር፣ ወይም በነሐሴ ወር በቆቦ አካባቢ ልጃገረዶች ሶለል ሲሉ፣ ጭብጨባና ከበሮ ተደራርበው የሚሠሩትን ሥራ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ሰፊው አፍ በእያንዳንዱ ምት ላይ እንደማይወድቅ ይገነዘባል። የሚተወው ስፍራ አለ። ጨዋታው ሲግል የሚጨምረው ፍጥነት እንጂ የምቱ ብዛት አይደለም። እንግዲህ የዋጃ ልጅ ቤዝ ጊታር ቢይዝ የመጀመሪያ ልምምዱ በአንድ ድምፅ፣ በዶ ብቻ፣ የሰፊውን አፍ ድርሻ መያዝ ሊሆን ይገባል። አብሮት የሚቀመጠው ባለከበሮ ነው፤ ጊታሪስት አይደለም። ሰፊው አፍ ሲመታ ይመታል፤ ጠባቡ ሲመልስ ቀኝ እጁን ክሩ ላይ ጥሎ ድምፁን ይገድላል። ድምፅን መግደል ከማስነሣት እኩል ትምህርት ነው፤ ጀማሪዎች ሁሉ የሚዘነጉትም ይህን ነው። በወፍራም ክር ላይ የተተወ ድምፅ እስከሚቀጥለው ምት ድረስ እየጎተተ መላውን ጨዋታ ያጨቀየዋልና። አንዱ ድምፅ ከያዘለት በኋላ ሁለተኛውን ይጨምር። ሁለተኛው የትኛው ይሁን የሚለውን መወሰን ያለበት የዘፈኑ ቅኝት ነው፤ በትዝታ ሶል ሊሆን ይችላል፤ በአንቺ ሆዬ ፋ ይሁን እንጂ ሶል አይሁን።

ለዚህ አስተያየት ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «መሣሪያው የውጭ ነው፤ ከባህል ጋር ምን አገናኘው? ለራያ ከበሮው ይበቃዋል» የሚለው ነው። ከበሮው ለራያ ይበቃዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄው ቤዝ ይግባ አይግባ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል፤ በኪቦርዱ አዝራር ውስጥ ሆኖ ገብቷል፤ በየሠርጉም አለ። የቀረው ጥያቄ በማን ጣት ይመታ የሚለው ነው። አኮርዲዮንም የውጭ ነበር፤ ዛሬ የትዝታን የአኮርዲዮን መግቢያ ሰምቶ «ይህ የአውሮፓ ነው» የሚል ኢትዮጵያዊ አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ጀማሪ በቅድሚያ ለዓለም ሁሉ የጋራ የሆነውን ይማር፤ ሰባቱን ድምፆች፣ ኮርዱን፣ ኖታ ማንበቡን ይወቅ፤ ቅኝቱ የትም አይሄድበትም፤ በኋላ ይመጣል» ይላሉ። ኖታ ማንበብ ይጠቅማል፤ የአንገቱን ድምፆች ሁሉ በስማቸው ማወቅም ግዴታ ነው፤ ይህን የሚንቅ ራሱን ያስራል። ሆኖም «ቅኝቱ በኋላ ይመጣል» የሚለው በተግባር እንዳልሆነ የሚታይ ነው። እጅ የመጀመሪያ ቋንቋ አለው። ትንሿ ጣት ወደ አምስተኛው ፍሬት መሄድን ከለመደች በኋላ እርሷን መመለስ አዲስ ጣት ከማስተማር ይከብዳል። ደግሞስ ለዓለም ሁሉ የጋራ የተባለው ሲመረመር የአንድ አህጉር ልማድ ሆኖ ይገኛል። የፓሪሱ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞች የእነዚያን ዘመናት የቤዝ ሐረጎች በጆሯቸው እያጠኑ ይጫወታሉ፤ በቦስተን የተመሠረተው ደቦ ባንድ አንዱ ምሳሌ ነው። የቦስተን ጀማሪ የአንቺ ሆዬን የወረደ ሶል ለማግኘት ሲደክም፣ ቅኝቱ በተወለደበት በወሎ ያለው ጀማሪ ትክክለኛውን ሶል በማጥናት ቢደክም ነገሩ ከሚያስቅ ይልቅ ያሳስባል።

ሥራው በየት በኩል ይጀመር ለሚል ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲሰጡ ኖረዋል፤ ቅኝቶቹም በኖታ ተጽፈው ይጠናሉ። የቤዝ ጀማሪ የሚያስፈልገው አራቱን ቅኝቶች በአራቱ ክሮች ላይ የሚያሳይ፣ እያንዳንዱም በየትኛው ድምፅ ላይ መቆም እንደሚወድና የትኛውን እንደሚከለክል የሚናገር፣ በአማርኛ የተጻፈ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች የሚሠሩት የቤዝ ክራር ተጫዋቾች ከዚህ ውስጥ ብዙውን ሳይጻፍ ያውቁታል፤ እነርሱን መጠየቅ ይቻላል። ትልልቅና ወፍራም ክሮች ባሉት ክራር ላይ የታችኛውን ድርሻ ሲይዙ ቅኝቱ በክሩ ውስጥ ስላለ ሶል ወደ አንቺ ሆዬ አይገባም፤ ምርጫቸውም ለቤዝ ጊታር በቀጥታ ሊገለበጥ የሚችል ነው።

መሣሪያና ኤሌክትሪክ ማግኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ራያ የውጊያ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ መብራት በጠፋባቸው ወራት የኪቦርዱም የድምፅ ማጉያውም ሥራ ቆመ፤ ከበሮው ብቻ ቀረ። ቤዝ ጊታር ያለ ማጉያ ድምፁ ለተጫዋቹ ለራሱም በቅጡ አይሰማም፤ ውስጡ ክፍት ያልሆነ ድፍን እንጨት ነውና። ይሁንና የድሮ ተጫዋቾች የሚያውቁት ዘዴ አለ። የጊታሩን ራስ፣ መቃኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ፣ ከሣንቃ በር ወይም ከቁምሣጥን ጋር አስነክቶ ክሩን መምታት ነው። ርግብግቢቱ ወደ እንጨቱ ይተላለፋል፤ በሩም እንደ ከበሮ ቆዳ ድምፁን ያወጣዋል። ጎረቤት የሚሰማው አይደለም፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ፍሬት መካከል ያለውን ልዩነት ለመለየት ግን ይበቃል።